የካምባው መስመር ሒሳብ

ስለዚህ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ በቃልም ያወራሁት ለጥቂት ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን፣ ስልኬ የኢንተርኔት ጥቅሌ ሊያልቅ መሆኑን ባስታወቀኝ ቁጥር የካምባው የንባብ ክፍል ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

በአርባ ምንጭ አስተምርበት የነበረው ኮሌጅ ካምባ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ነበረው። ሁለቱን የሚያገናኘው የኢንተርኔት መስመር ለሙከራ የተዘረጋው በአጠቃቀም ልክ እንዲከፈልበት ሆኖ ነው፤ ብዙ ከተጠቀምን ብዙ፣ ጥቂት ከተጠቀምን ጥቂት እንከፍላለን። ሙከራው ሲያበቃ ምርጫ ቀረበልን፦ በዚያው መቀጠል፣ ወይም ተጠቀምንም አልተጠቀምንም በየወሩ አንድ ዋጋ የሚከፈልበትን መስመር መከራየት። እንዳወዳድር የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ሒሳቡ አያሻማም፤ የካምባ አጠቃቀም እጅግ አነስተኛ ስለነበር በልክ መክፈሉ በብዙ ይረክሳል።

የፋይናንስ ኃላፊዋ እንዲያውም ይህን ያህል ብቻ የሚጠቀም ቅርንጫፍ መስመር ለምን ያስፈልገዋል አሉ። መስመሩ ከተዘጋ የካምባ ተማሪዎች ለአንድ ጽሑፍ ሲሉ አርባ ምንጭ ድረስ መምጣት ሊኖርባቸው ነው።

የቅርንጫፉ አስተባባሪ፣ የጋሞ ደጋ ሰው፣ ነገሩ ለሚወሰንበት ስብሰባ ጫማው በጭቃ እንደተለወሰ ደረሰ። ኃላፊዋ የመንገዱን ግማሽ ይዞ እንደመጣ ሲቀልዱበት፣ የቀረውን ደግሞ በጀት ሲለቀቅ እንደሚያመጣው መለሰላቸው። እጅ ለማውጣት ስንሰናዳ ግን ፈገግታው ጠፋ። በአገሩ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ለምክር በሚቀመጡበት ሜዳ፣ እጅ አይቆጠርም፤ ዝም ያለ ሰው እያለም ነገር አይቆረጥም። ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ እርስዎ አልተናገሩም።»

ሒሳቡን አቅርቤአለሁ አልሁት።

«ሒሳቡማ ተናገረ። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

ከሰሜን ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ዝምታ ልማዴ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ይጠብቁኛል። በሙከራው ወራት ካምባ ሄጄ ያየሁት ትዝ አለኝ፦ ይኸው ሰው ሒሳብ እንዳይበዛበት ፈርቶ ከተማሪዎቹ ኋላ ይቆምና፣ የፈለጉት ገጽ እንደተከፈተ ገመዱን ይነቅል ነበር።

«የለካነው የተማሪዎቹን ፍላጎት አይደለም» አልሁ። «ወንድሜ ገመዱን ስንት ጊዜ እንደነቀለው ነው።»

ኃላፊዋ እውነት መሆኑን ጠየቁት። እውነት ነው፣ ለጉብኝት የመጡት ዲን ኢሜይል ሲጽፉ ሳይቀር ነቅዬባቸዋለሁ አለ። በሰብሳቢነት የተቀመጡት ዲን ለካ ያን ቀን የተቋረጠብኝ በእርሱ ነው ብለው ሳቁ። ኃላፊዋ ቶሎ አልተረቱም፤ በመጨረሻ ግን ወርኃዊው ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ለበጀት እንደሚመች እርሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። የተነሣነው ሁላችንም ከተስማማን በኋላ ነው።

በዓመቱ ካምባ ሄድሁ። የንባብ ክፍሉ ጢም ብሏል፤ መስመሩም ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ እንደ ቀንድ አውጣ ያዘግማል። አስተባባሪው ወዳጄ «ይኸው መምህር፣ እርስዎ ተናግረው ክፍሉን የቅዳሜ ገበያ አደረጉብኝ» እያለ አማረረና ከተራ ጠባቂዎቹ ጫፍ አስቀመጠኝ። ከፊቴ አንዲት ተማሪ በግማሽ የተከፈተላትን ገጽ፣ የቀረው እስኪመጣ ድረስ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት በጋሞኛ ታስረዳ ነበር። ተራዬ ሳይደርስ መሸ።