ለጥንቸሏ የፈታሁት ነዶ

ልጄ ጥንቸሏን ይዛ የመጣችው በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ የመርሳ ከተማን መንገድ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። ከወልድያ በሚኒባስ መጥታ ከአስፋልቱ እስከ ቤት የዘይት ካርቶን ታቅፋ ተጓዘች። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ በእስኪርቢቶ ተበሳስቷል። ዳቦ መስሎኝ ተቀበልኳት፤ ውስጡ አንድ ነገር ሲንፈራገጥ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

«እማ፣ ቀስ! ነፍስ አላት እኮ።»

ከፍቼ ሳይ፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ አመድማ የሆነ ነጭ ጥንቸል ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ያሳደገቻት፣ ልጄ ወልድያ በተከራየችበት ግቢ ትኖር የነበረች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ተማሪዋ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትገባ ለልጄ ትታላት ሄደች። አከራይዋ ደግሞ «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ አንች ውጪ» አሏት። ልጄ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይን ዓይኔን አታየኝም።

«ለትንሽ ጊዜ ነው» አለች።

ለጥንቸሏ ብላ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። አባቷ በጥር ካረፈ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝም «በላሽ?» ብላ ነው። እኔም «በላሁ» እላለሁ። አብራኝ የምትበላ ነፍስ ነበር ያመጣችልኝ።

ባለቤቴ በሞተ ሰሞን ቤቴ እዝን በእዝን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በተራ በተራ በሞሰብና በሰሃን ምግብ ተሸክሞ ይመጣል፤ ከብቦኝ ይቀመጣል፤ ጠቅልሎ ወደ አፌ ይሰዳል። «ይችን ብቻ! በሞቴ!» ይሉኛል። ሞት ገና ከደጄ ሳይርቅ ሰው በገዛ ሞቱ ሲለምነኝ እምቢ ማለት ያስፈራኝ ነበር። ሳላኝክ እውጠዋለሁ፤ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቀውም። በኋላ እንደ ወጉ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ለአንድ ሰው እሳት እንዴት እንደሚነድ ጠፋኝ። ቂጣ ቆርሼ ቆሜ እበላለሁ፤ ቀኑም ይመሻል።

ጥንቸሏን ያስቀመጥኳት ጓሮ ካለው በረት ውስጥ ነው። በረቱ ባዶ ነበር፤ ላሟን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአርባው በኋላ ግራና ወዳለው ቤታቸው ወስደዋታል። ውሰዱልኝ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ማለብ አላቃተኝም፤ ጠዋት መነሳት ነበር ያቃተኝ። ከበረቱ ጣሪያ ሥር ባለው ቆጥ ላይ ግን ባለቤቴ በጥቅምት ያጨደው ሣር በነዶ በነዶ ታስሮ እንደነበረ ተቀምጧል። እሱ ግራኝ ነበር። ነዶውን የሚያስርበትን ሣር እንደ ገመድ ሲገምደው ወደ ግራ ያዞረዋል፤ ጫፉንም ከታች ወደ ላይ ይሸጉጠዋል። እንዲህ የሚያስር ሌላ ሰው አላየሁም። በሰኔ፣ ዝናብ ከመጣሉ በፊት፣ ወንድሙ ከግራና መጥተው «ላሟ ከሳች፤ ያን ሣር ስጭኝ» ሲሉኝ እምቢ አልኳቸው። ነዶዎቹ እስካልተፈቱ ድረስ እጁ ሥራውን የጨረሰ አይመስለኝም ነበር። ይህን ደግሞ ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷና እኔ የምንመላለስበት ቀዳዳ ከራሱ ከአጥሩ ይሰፋል። ጥንቸሏ በመጣች ማግስት በቀዳዳው ብቅ አለችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንች ሴት፣ ይህች ምንድን ናት?»

«ጥንቸል ናት።»

«ጥንቸልማ አውቃለሁ። ስትሮጥ ነው እንጂ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። ትታለባለች?»

«አትታለብም።»

«ትታረዳለች?»

«እኛ አንበላም።»

«እኛም ቤት አልተለመደ። እንቁላልስ?»

«እትዬ!»

«እኮ ምን ልታደርግልሽ ነው?»

«ትቀመጣለች» አልኳት።

«መቀመጥማ እኔም እቀመጣለሁ! ለኔ ማን ጎመን ይቀነጥስልኛል?» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ጠዋት ግን ጎመን በጉያዋ ሸጉጣ መጣች።

ወሬው ከዚያ በኋላ ሰፈሩን አዳረሰ። ጥንቸሏን ለማየት የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ የፓፓያ ልጣጭ፣ አንዷ ጤዛው ያልረገፈ ለጋ ሣር፣ አንዷማ በዘይት የታሸ ቅንጬ በሰሃን ከድና አመጣች። አልፈርድባቸውም። በእነሱ ዓይን ቤቴ ገና የለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። እኔን ማጉረስ ከተዉ ወራት አልፏል፤ አሁን እዝኑ ለጥንቸሏ ሆነ። እኔም የሰው ሰሃን እንዳለ መመለስ ነውር ነው ብዬ ሁሉንም እሰጣታለሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዳቦውን አላልሼ ወደ አፏ አስጠጋላታለሁ። ፊቷን ስታዞር «ይችን ብቻ፣ በሞቴ» ስላት ራሴን ሰማሁት። ያኔ ግን ልብ አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። የምለምነው ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር።

ነጭ ጸጉሯ ጥቁር ቀሚሴ ላይ እየተጣበቀ አልለቅ አለኝ። ጎረቤቴ አንድ በአንድ እየለቀመች «ሐዘኑን የያዝሽ አንች፣ ሽበቱን ያወጣ ቀሚስሽ!» ትለኛለች።

ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም በተጀመረ ሰሞን ጥንቸሏ ጎመኑን አሽትታ ተወችው።

«አየሽ፣ የናንተን ጾም ያዘች» አለች ጎረቤቴ። «እኔ እኮ የኛ ትሆናለች ብዬ ነበር። በቀን አምስቴ ፊቷን ስትታጠብ አይቻለሁ።»

ሳቅን። በማግስቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እሁድ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሼ በረቱን ስከፍት ጥጉ ላይ ተኮማትራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ሆዷን ብነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እንደ ፍየል ስትጥላቸው የነበሩት ትንንሽ ክብ ክቦች ከትናንት ጀምሮ አንድም የሉም። ውኃ በጣሳ አቀረብኩላት፤ አላየችውም። እጄ ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለች።

ለልጄ ደወልኩ። የእንስሳት ክሊኒኩ እሁድ ዝግ ነው። እሷም ቶሎ ብላ ለዚያች ተማሪ ደውላ መልሳ ደወለችልኝ።

«እማ፣ ምን ምን አበላሻት?»

ነገርኳት። ቅንጬው ላይ ስደርስ «ቅንጬ?» አለች።

«ዳቦውንም፣ ፍራፍሬውንም፣ እርጥብ ሣሩንም ተይ ብላለች። ደረቅ ሣር ብቻ። ደረቅ ሣር ካልበላች ሆዷ አይሠራም፤ አትተርፍም ብላለች።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ ለምን አመጣኋት? አንድ ሞት አይበቃሽም ነበር?»

«ተይ፣ አትሞትም» አልኳት። ምን ይዤ እንዳልኩ አላውቅም።

በነሐሴ ደረቅ ሣር የት ይገኛል? አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ያለፈው ዓመት ሣር በየቤቱ ካለቀ ቆይቷል፤ የተረፈው የጤፍ ጭድም ዝናብ ነክቶት ሻግቷል። ጎረቤቴ ሰፈሩን ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሐራ ላሉት ዘመዶቿም ደወለች። ስልኩን ዘግታ «‹በነሐሴ ደረቅ ሣር የምትፈልገው ሴት ደህና ናት ወይ?› አሉኝ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ቀና ብለን ቆጡን አየነው። እኔ ከመጀመሪያውም አውቄው ነበር። እሷም አውቃዋለች፤ በሰኔ ሣሩን ለላሟ እንደከለከልኩ ሰምታለች። ግን «እሱን አውርጅ» አላለችኝም። ዝም ብላ ቆመች። ስለዚህች ዝምታዋ እስካሁን አመሰግናታለሁ።

ጥንቸሏን አየኋት። ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«መሰላሉን ያዥልኝ» አልኳት።

«እኔ ላይ ብትወድቂ ሁለት ለቅሶ ነው» አለች፤ መሰላሉን ግን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

ወደ ጫፉ ያለውን ነዶ አወረድኩት። ከጠበቅሁት ይልቅ ቀላል ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌ ማሰሪያውን ብዳስሰው አልፈታ አለኝ፤ ባዞርኩት ቁጥር ይብስ ይጠብቃል።

«ቢላዋ ላቀብልሽ?»

«ተይ፤ እፈታዋለሁ።»

በቀኝ እጄ ስለሞከርኩ ነው። በግራዬ ያዝኩትና እሱ ካዞረበት በተቃራኒ መለስኩት። ጫፉ በራሱ ጊዜ ብቅ አለ። ሠላሳ ዓመት ሲያስር አይቼዋለሁ፤ ሲፈታ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ነዶው ተዘረገፈ። የጥቅምት ሽታ ወጣ፤ ፀሐይ የበላው፣ ትንሽ ማር ማር የሚል። በመሀሉ አደይ አበባ አብሮ ታጭዶ ነበር፤ ደርቆም ቢጫው አልለቀቀም። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጊዜ አልነበረኝም። ሣሩን በረጅም በረጅሙ መዝዤ ከፊቷ አስቀመጥኩላት።

አልበላችም።

ጎረቤቴ ተንበርክካ «በአላህ ይዥሻለሁ፣ ብይ! ብይ የኔ እናት» ትላት ጀመር። ያኔ ነው የገባኝ። ከብበናት፣ አፍ አፏን እያየን፣ በየሃይማኖታችን እያስማልናት ነው።

«ተያት» አልኩ። «አትለምኛት። እስቲ ወጥተን እንቀመጥ።»

በበረቱ ደጃፍ ላይ ጀርባችንን ሰጥተናት ተቀመጥን። ዝናቡ ቆሞ ከማንጎው ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጎረቤቴ ከጉያዋ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት አወጣች፤ ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ሰጠችኝ። ብይ አላለችኝም። ከዚያ ስለ በርበሬ ነጋዴዎች ስታማ ቆየች። እኔም እየሰማሁ እፈለፍላለሁ፣ እቆረጥማለሁ። እጄ ላይ ቆረቆንዳው ብቻ ሲቀር ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ፣ ሳልለመን፣ ያቀረቡልኝን ስጨርስ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወዲያው ከኋላችን ቀጭን ድምፅ ሰማን። ቅርጭ፣ ቅርጭ።

«ዞር እንዳትይ» አለችኝ ጎረቤቴ በሹክሹክታ፤ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ።

እስኪበቃት ድረስ ሳንዞር ተቀመጥን።

በማግስቱ ጠዋት በረቱን ስከፍት ወለሉ ላይ እነዚያ ትንንሽ ክብ ክቦች ተበትነዋል። በአጥሩ ቀዳዳ ተጣራሁ። ጎረቤቴ መጥታ አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። መንገደኛው «ማን ወለደ?» ብሎ ጠየቀ። ለልጄም ደውዬ ነገርኳት፤ ስትስቅ እያለቀሰች ነበር። ከዚያ «አንችስ በላሽ?» አለችኝ። «በቆሎ» አልኳት። ያን ቀን እውነቴን ነበር።

ለሰፈሩም ነገርኩ፤ ለጥንቸሏ እዝን ይብቃ አልኩ። ቅንጬ ያመጣችው ሴት ትንሽ ቅር ብሏት «ቅንጬዬ ምን አለው?» አለች። ለኔ አምጭልኝ አልኳት፤ አመጣችልኝም።

ከቡሄ በኋላ የባለቤቴ ወንድም ከግራና መጡ። በረቱ ውስጥ ቆመው የተፈታውን ነዶና ጥንቸሏን አፈራርቀው አዩ።

«ለላሟ የነፈግሽውን ሣር ይህች በላችው?»

አፈርኩ። «አሁን ይውሰዱ፤ አውርጄ አስጭንልዎታለሁ» አልኳቸው።

«አሁንማ ላሟ ጠግባ እየዘለለች ነው። በነሐሴ ደረቅ ሣር የምትለምነው ያንች ጥንቸል ብቻ ናት!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ብለው ለነገ ያወረድኩትን አንድ ነዶ አነሱ፤ ማሰሪያውን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። «ግራው» አሉ። ልጅ ሳሉ ባለቤቴን እንዲህ ነበር የሚጠሩት። ነዶውንም ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

የመጀመሪያውን ነዶ ማሰሪያ አልጣልኩትም ነበር። ግምዱ እንዳይላቀቅ ተጠንቅቄ በበረቱ ምሰሶ ላይ፣ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሌላው ሣር ቢያልቅ ይህ ይቀርልኛል ብዬ ነው። ስገባ ስወጣ እነካዋለሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት፣ አዲሱን ሣር ለማጨድ ማጭዴን ላነሳ ስገባ፣ ጥንቸሏ በኋላ እግሮቿ ቆማ ምሰሶውን ተደግፋለች። ማሰሪያውን ከምስማሩ ጎትታ አውርዳዋለች። ግማሹ ከአፏ ተንጠልጥሎ ግማሹ ገብቷል። እየቆረጠመች፣ አመድማ ጆሮዋን ወደኔ አቅንታ አየችኝ።

ልነጥቃት እጄን ዘረጋሁ። ወደ ግራ የተገመደው ግምድ በጥርሷ መሀል ቀስ እያለ እየተፈታ ይገባል።

እጄን ሰበሰብኩ። ማጭዴን ይዤ የበረቱ በር ደፍ ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት። ብይ እንኳ አላልኳትም።