የትምወርቅ ፍራሹን ስታነሳ

የትምወርቅ ከወልዲያ ተድራ መቐለ ስትገባ ትግርኛ አትችልም፣ ኮምፒውተር አትችልም፤ ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ከሆነ ጥሕሎ የሚባለውን የገብስ ድብልብል ወጥ አጥቅሳ መጉረስ እንኳ አትችልም ነበር። በመጣች በአስር ዓመቷ ሦስቱንም አወቀች። ትግርኛውንና ጥሕሎውን ሰው አስተማራት፤ ኮምፒውተሩን ግን ራሷ እየተበላሸባት እየጠገነች ነው የተማረችው።

በ2007 ዓ.ም. ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ጸሐፊ ነበረች። የተማሪዎቹ ፋይል ያለው ከተማው ማዶ፣ ዋናው ግቢ በተቀመጠ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ድሮ በፍላሽ ይመላለስ ነበር፤ ፍላሹም ሮማናት አደባባይን ዞሮ እስኪደርስ የቫይረስ ቤተሰብ ያፈራል። የትምወርቅ ይህን አስቀረች። ጠዋት ጠዋት ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ትከፍትና አንዲት መስመር ትጽፋለች፦ ማውንት፣ አገናኝ እንደማለት፣ ቀጥሎ የዋናው ኮምፒውተር ቁጥር፣ ቀጥሎ «ማኅደር» የሚለው የፎልደር ስም። ኢንተር ስትመታ ከተማ ማዶ ያለው ፋይል ሁሉ «ማኅደር» ውስጥ ቁጭ ይላል።

«ይህን ደብተራ ቢሠራው እናስወግዘው ነበር» ይላሉ ወይዘሮ ኣስካል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ በትርፍ ሰዓታቸው ደግሞ የኮሌጁ ሬዲዮ።

በዚያ ግንቦት የሬጅስትራሩ አንጋፋ ሠራተኛ አያ ገብረዝጊ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ሠላሳ ዓመት በወረቀት የኖሩ ሰው፣ «የድሮ ተመራቂዎችን ውጤት ኮምፒውተር ላይ ሳላሰፍር አልወጣም» ብለው ቃል ገቡ። የትምወርቅ በፈቃድ ለአባቷ ተዝካር ስትሄድ በራሷ ኮምፒውተር እንዲሠሩ ትታላቸው፣ ያችን መስመር ወረቀት ላይ ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችላቸው።

«አያ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይችን ይጻፏት።»

«ሕራይ፣ ጓለይ» አሉ፤ እሺ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ስትመለስ አያ ገብረዝጊ በር ላይ ጠበቋት። «ጨረስኩ! ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰው፣ በሁለት ጣት!» እሷም እንኳን ደስ አለዎት ብላ፣ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ መስመሯን ጻፈች፤ ኢንተር መታች፤ «ማኅደር»ን ከፈተች። የድሮው ፋይል ሁሉ አለ። የአያ ገብረዝጊ ግን አንድም የለም።

«አሁን ነበር እኮ!» አሉ ሽማግሌው። ሽኝታቸው ዓርብ ነው። ከወረቀቱ እንደገና ይጻፍ ቢባል ሌላ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ቃላቸውን ሳይፈጽሙ ሊወጡ ነው።

«ዋእ! አንቺ ስትነኪው ነው የጠፋው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» አሉ ኣስካል ከበር። የሻይ ሰዓት ሳያልቅ፣ የትምወርቅ በቅናት የሽማግሌውን ልፋት ደመሰሰች የሚለው ወሬ ጥበቃዎቹ ዘንድ ደርሶ ነበር።

የትምወርቅ ወሬውን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ወንበር ስባ ከአያ ገብረዝጊ ፊት ተቀመጠች።

«አያ፣ ጠዋት ሲያዩት ፎልደሩ ውስጥ ምን ምን ነበር?»

«የእኔው ብቻ። ንጹሕ ነበር። መንገድ ከመውጣትሽ በፊት ለእኔ ብለሽ ያጸዳሽልኝ መስሎኝ ስመርቅሽ ነው የከረምኩት።»

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«በሄድሽ በማግስቱ፣ ገና ሥራውን ሳልጀምር።»

«መስመሯንስ ጻፏት?»

አያ ገብረዝጊ ጣሪያውን አዩ። «አንዴ ከተገናኘ ተገናኘ ብዬ… ያ ጥቁር ነገር ደግሞ፣ ሓቂ ለመናገር፣ ያስፈራኛል።»

የትምወርቅ ሳቀች። «እንግዲያው አልጠፋም! መስመሯ ካልተጻፈች ‹ማኅደር› እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ያለ ባዶ አልጋ ነው። እርስዎ ዕቃዎን ባዶው አልጋ ላይ አስቀመጡ፤ እኔ መጥቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት። ፍራሽ ስር ያለ ዕቃ ተሰረቀ ይባላል?»

ግንኙነቱን የሚፈታውን አጭር ትእዛዝ ጻፈች። የከተማ ማዶው ፋይል ሁሉ ከፎልደሩ ወጣ፤ ከስሩም ዘጠኝ መቶ ስድሳው ሰው ብቅ አለ። አያ ገብረዝጊ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እሷ ሥራቸውን ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጣ፣ መስመሯን ደግማ ጽፋ፣ ዋናው ግቢ አደረሰችው።

ኃላፊው አቶ ኣረፋይነ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «መብራት ነው ያመሳቀለው፤ ተገኝቷል» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቅናተኛ የተባለችበትን ወሬ በአንድ አረፍተ ነገር ማፍረስ ስትችል፣ ዓርብ የሚሸኝ ሽማግሌ አላዋረደችም።

ዓርብ ጋቢ ካለበሷቸው በኋላ አያ ገብረዝጊ ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡ። «መብራት አይደለም። እኔ ነኝ» ብለው ከባዶው አልጋ እስከ ፍራሹ፣ ምርቃታቸውም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የትምወርቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ኣስካል ሓፍተይ፣ እህቴ» አሉ ሲጨርሱ፣ «ያችን የቅናት ወሬ በአንድ ሻይ ሰዓት አዳረስሻት። ይችንም እንደዚያችው አዳርሺልኝ።»

አዳረሱ። ሰኞ ጠዋት ወሬው ቀዳማይ ወያነ ገበያ ገብቶ ነበር። የጨመሩበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በወይዘሮ ኣስካል አነጋገር፣ «ኧረ ፍራሹን አንሺው!» ብሎ ከበር የጮኸው ሰው ራሳቸው ነበሩ።