ጋሽ ሀብቶም መኪናቸውን ዳር አቁመው ሄዱ

አላመንኩም። እየጻፍኩትም አላምንም።

ዛሬ ጠዋት ሮተርዳም ወደብ ላይ ኮንቴይነር ለመጫን ወረፋ ይዤ ሳለሁ ሳባ ከዴን ሃኽ ደወለች። ሳባ የጋሽ ሀብቶም ልጅ ናት። ደውላልኝ አታውቅም።

«መሲ፣ ፓፓ ሞተ» አለችኝ። «እዚያው አውስትራሊያ። መንገድ ላይ።»

«ተጋጭተው ነው?»

«አይደለም። ዳር አቁሞ ነው። ፍሬኑን ይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የአደጋ መብራቱን አብርቶ። ልቡ ነው አሉኝ።»

ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ እስኪነፋብኝ ድረስ ወረፋው መንቀሳቀሱን አላየሁም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ሀብቶም የአሰብ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ይነዱ ነበር። አማርኛቸውንም የለመዱት እዚያው መንገድ ላይ፣ ሚሌና አዋሽ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ነው። የሳባን እናትም ያገኟት አዲስ አበባ ነው። እዚህ ከመጡ በኋላ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ኖሩ።

እኔን ሹፌር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ነበር የተዋወቅነው። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ እዚህ ራይበዋይስ የሚሉትን፣ ለማውጣት ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴ ወደቅኩ። ወደ ኋላ መንዳት አልሆንልሽ አለኝ። ተሳቢውን ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጋሼ የሚያውቁት ሰው ግቢ አስፈቅደው እሁድ እሁድ ያስነዱኝ ጀመር። አንድ ቀን መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ወርደው ጎማው አጠገብ ቆሙ። ቀና ስል «ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«ስሚ። ከፊትሽ ያለውን ማንም ያያል። አንቺ ከኋላሽ ያለውን አስቢ።»

ይህችን አባባል ስንቴ እንደሰማኋት! ሳይክል ላይ ስወጣም ይሏት ነበር።

እኔ ሥራ በያዝኩ በዓመቱ፣ ሃምሳ አምስት ሞልቷቸው፣ «አውስትራሊያ ልሄድ ነው» አሉ። እንዴት እንደተሳካላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እዚያ ሮድ ትሬይን የሚሉት አለ፤ አንድ መኪና ሦስት ተሳቢ አስከትሎ ቀኑን ሙሉ ሰው የሌለበት በረሃ ያቋርጣል። «የአሰብ መንገድ ታናሽ ወንድሙ ነው» ብለው ሳቁ።

ኔትወርክ የለም። ስለዚህ እየነዱ ለስልኩ ያወራሉ፣ ማደያ ሲደርሱ ሁሉም ባንዴ ይላካል። ስልኬ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይጮሃል። «መሲ፣ ዛሬ ቀይ አፈር ብቻ ነው።» «መሲ፣ አንድ ዛፍ አየሁ፣ ብታዪው!» «መሲ፣ ካንጋሩ ገጨሁ። መሪ ካዞርኩ ተሳቢዎቹ ይገለበጣሉ። ዝም ብዬ ሄድኩበት።» ከዚህ ቀጥሎ ያለው መልእክት አራት ደቂቃ ነው። የሞተር ድምፅ ብቻ ነው ያለበት።

ሁሉንም አልሰማኋቸውም ነበር። ሥራ ነው፣ ድካም ነው፣ ቆይቼ እሰማዋለሁ እያልኩ።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጡ። ዴልፍስሃቨን ወደቡ ዳር አብረን ስንሄድ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ሰላም እያልኩ ነዋ። እዚያ ሹፌር ከሹፌር ሲተላለፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል። ሦስት ሰዓት ነድተሽ አንድ መኪና ብታገኚ፣ ያቺ ጣት አትቀርም።» ቀጥለውም «እዚህ አንድ ደረጃ ስንት ዓመት ወጣሁ ወረድኩ፤ ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም» አሉ።

ማንም ጣቱን አልመለሰላቸውም። እኔ ደግሞ አፍሬ እጃቸውን ይዤ ወደ ኪሳቸው መለስኩት። እየሳቅኩ።

ሳባ እንዴት እንደተገኙ ነገረችኝ። በተቃራኒ የሚመጣ ሹፌር ጣቱን አንስቶ ሰላም አላቸው። ጋሼ ቀና ብለው እንደተቀመጡ ናቸው፣ ግን አልመለሱም። እዚያ የማይመልስ የለም። ሰውየው ያን ሁሉ ተሳቢ እንደምንም አቁሞ፣ በዚያ ሙቀት በእግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወደ አውስትራሊያ ሊመለሱ ሲሉ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሻንጣቸውን ካስረከቡ በኋላ ዞር አሉና «መሲ፣ ብቀርስ?» አሉኝ።

«ጋሼ ደግሞ! እዚህ ቁጭ ብለው ምን ሊሠሩ?» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «እውነትሽን ነው» ብለው ገቡ። እንድመልስላቸው ነበር የጠየቁኝ፤ እኔ ቀለድኩ።

ሳባ ጠዋት ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ለብዙ ጊዜ አላወራንም፣ ተኳርፈን ነበር። ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሞተ እንኳን አላውቅም» አለች። መልእክቶቻቸውን ሁሉ፣ የሰማሁትንም ያልሰማሁትንም፣ አንድም ሳላስቀር ላክሁላት። ከሰዓት በኋላ መልሳ ጻፈችልኝ፦ «እኔን ይጠራል። መሲ እያለሽ ቆይቶ፣ ተሳስቶ ሳባ ይልሻል።»

ልቅሶው እሷ ከአውስትራሊያ ስትመለስ ዴን ሃኽ ነው። የምታውቋቸውም የማታውቋቸውም ኑ።

ጋሼ፣ ሳባ ነገ ጠዋት ትነሳለች። ሁለት አውሮፕላን ቀይራ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ በመኪና ነው የምትመጣው። እርስዎ መንገድ ሲረዝም አይከፋዎትም፤ ትንሽ ይታገሷት። ብቻዎን የሚሆኑት እሷ እስክትደርስ ድረስ ብቻ ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።