በምርቃት መሃል ቢጫ ካርድ

ቡታጅራ ውስጥ የእግር ኳስ ዳኝነት ስንሠለጥን አስተማሪያችን ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ነገር ነበር፤ ዳኛ ሜዳ ሲገባ ዘመድ የለውም። እሱ ምን አለበት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ለተግባር ፈተና የደረሰኝ ጨዋታ የሰፈራችን ቡድን ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ ከመጣ ቡድን ጋር የሚያደርገው ነበር። የሰፈራችንን ቡድን የሚያሠለጥኑት ደግሞ አጎቴ ናቸው። ሴት ልጅ ፊሽካ ይዛ ምን ልትሆን ነው ብለው አክስቶቼ ሲያጉረመርሙ እጄን ይዘው ያስመዘገቡኝ እሳቸው ነበሩ። ብወድቅ እነዚያን አክስቶቼን ማን ይችላቸዋል?

አጎቴ መልካም ሰው ናቸው፤ ኳስ ሲያዩ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከረፍት በኋላ ኦፍሳይድ ብነፋባቸው መስመሩን አልፈው ሜዳ ገቡ። በትሕትና መለስኳቸው። ወዲያው ተመልሰው ገቡ። አስተማሪያችን ጥግ ቆሞ ያየኛል። እየፈራሁ ሄድኩና ቢጫ ካርዴን ከኪሴ አወጣሁ።

ገና ሳላነሳው አጎቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀመሩ።

እኛ ጋ ታላቅ ሰው ሲመርቅ ንቅንቅ የሚል የለም። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ባሉበት ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የቆሼው በረኛ ጓንቱን ሁሉ አወለቀ። እኔም ዘረጋሁ። ካርዱ መዳፌ ላይ ተኝቷል። አጎቴ ለዝናቡ መረቁ፣ ለበርበሬው መረቁ፣ ላላገቡት መረቁ። አሚን የሚለውም አሜን የሚለውም እኩል ይቀበላቸዋል፤ ሰዓቱ ይሄዳል። እንዳሸነፉኝ እርግጠኛ ነበሩ፤ የመረቀውን ሰው ማን ይቀጣል? ንዴቴ ጆሮዬን ደፍኖት የመጨረሻውን ቃላቸውን እንኳ በቅጡ አልሰማሁም።

አሚን አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ። ከዚያ ካርዱን ከመዳፌ አንስቼ ከፍ አደረግኩት።

"ጋሼ፣ ምርቃትዎን ተቀብያለሁ፤ ይሄን ደግሞ እርስዎ ይቀበሉኝ" አልኳቸው።

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ምርቃቱ የበላውን ደቂቃ መጨረሻ ላይ ጨመርኩ፤ ቆሼዎች በዚያው ጭማሪ ጎል አግብተው አሸነፉ።

አስተማሪያችን ካርዱን ለምን እንዳዘገየሁ ጠየቀኝ። ምርቃት እንደማይቋረጥ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ማለፌን ነገረኝ። ደስታዬ ግን ቤት እስክደርስ አልቆየም፤ አጎቴን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ስገባ አጎቴን አክስቶቼ መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልፌያለሁ አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መጨረሻ ላይ ፈተናዋን አሳልፍልኝ ብዬ መርቄ ነበር" አሉ ለአክስቶቼ። "እንዲህ ቶሎ፣ በእኔው ላይ ይሰማል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።"