«በጭራሽ» ያለችኝ እህቴ

መጀመሪያ የከዳኝ ንባብ ነው። ቡሬ ላይ አንድ ወጣት ፊት ለፊት ተቀምጬ በእጄ የያዝሁትን መጠይቅ ማንበብ አቃተኝ። ፊደሎቹ ይታዩኛል፤ ትርጉማቸው ግን አይገባኝም። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት።

«እቴ፣ አሞሻል መሰል» አለኝ ልጁ።

ራስ ምታት ነው ብዬ ተነሣሁ። ራስ ምታት አልነበረም።

ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን በየፊናችን ወጣን። እኔ ቀናኝና ተማርሁ፤ ከዓመታት በኋላም እንደኛ በማሳደጊያ ያደጉ ወጣቶችን የአእምሮ ጤና ለሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ከተሰጠኝ ዝርዝር ውስጥ የውባለምን ስም አየሁ። ውባለም በማሳደጊያው አንድ አልጋ የተጋራችኝ ልጅ ናት። ከእሷ ሌላ እህት የለኝም።

የምናውቀውን ሰው እንዳንጠይቅ በሥልጠናው ተነግሮናል። እኔ ግን ስለናፈቀችኝ ለማንም ሳልናገር ሄድሁ።

ማንኩሳ ከተማ፣ የነጋዴ በርበሬ ከሚቀነጥሱ ሴቶች መካከል አገኘኋት። አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ዐይኗ ቀልቶ ያነባል። «በርበሬው ነው» አለችኝ፤ አመንኋት። ጥላ ፈልገን ተቀመጥንና መጠይቁን ጀመርሁ። እንቅልፍ ታጫለች? በጭራሽ። ተስፋ ትቆርጣለች? በጭራሽ። ብሞት ይሻላል ብላ አስባ ታውቃለች?

ዐይኗን ከእኔ ወደ በርበሬው ክምር መለሰች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ለአንቺማ ምን ብዬ? በጭራሽ ብለሽ ጻፊው» አለች።

ጻፍሁት። ወደ ቀጣዩ አለፍሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ራሷን አጠፋች። ደውለው ያረዱኝ አከራይዋ እትዬ ብርቄ ናቸው። ቀብሯ ላይ አልደረስሁም። ፍትሐትም አልተፈታላትም።

ንባብ የከዳኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥሎ ምግብ። ቀጥሎ እንቅልፍ። ገላዬን መታጠብ ተውሁ። ስልኬ ሲጠራ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እኔም ሞትን አሰብሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ከሥራ ስቀር የጥናቱ መሪ ቤቴ ድረስ መጡ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። የውባለምን መጠይቅ ከጥናቱ አወጡት፤ እኔን ደግሞ ይዘውኝ ሆስፒታል ሄዱ። የአእምሮ ሐኪሙ አድምጠው ሲጨርሱ «ሕመምሽ ድባቴ ይባላል» አሉኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ የገደልኋት።»

«አልገደልሻትም። ደንብ ጥሰሻል። ሁለቱን አታቀላቅይ።»

«ሌላ ሰው ቢጠይቃት ትናገር ነበር?»

«አላውቅም» አሉኝ። «አንቺም አታውቂም። ሳናውቀው መኖርን ነው የምንለማመደው።»

ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዙልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከማቅለሽለሽ በቀር ለውጥ አላየሁም፤ ልተወው ስል የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ ነው፤ አንዱን ይዘሽ አንዱን አትጣዪ» ብለው ገሠጹኝ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ራበኝ፤ ሽሮዬን ሠርቼ ጠርጌ በላሁ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየታጠብሁ፣ ገበያ ድረስ እየሄድሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሐኪሙ ዘንድ እየተመላለስሁ ሰው ወደ መሆን ተመለስሁ። ማንኩሳም ሄጄ የእትዬ ብርቄን እጅ ሳምሁ፤ የውባለምን መቃብር አሳዩኝ፤ እዚያው ተቀምጠን እሳቸውም እኔም እስኪወጣልን አለቀስን።

ቤቴ ድረስ የመጡልኝን፣ ያከሙኝን፣ የገሠጹኝን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በማሳደጊያ ላደጋችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ተሰልፈን «ደህና ነን» እያልን ነው ያደግነው፤ አፋችን ለምዶታል። ለምትወዱት ሰው መናገር ከከበዳችሁ ለማያውቃችሁ ሐኪም ተናገሩ፤ ግን ተናገሩ። የምትጠይቁም ብትሆኑ፣ መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት የሰውየውን ፊት ደግማችሁ እዩት።

እኔ ዛሬም መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ሲብስብኝ ለእትዬ ብርቄ እደውላለሁ።

«ዛሬ ደህና አይደለሁም» እላቸዋለሁ።

«ነይ» ይሉኛል።

እሄዳለሁ።