ከኋላ ወንበር የሚመጣው «አልገባኝም»

አዳዲስ ኮሌጆች በየቦታው ሲከፈቱ አጎቴ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ምህንድስናና ኮምፒውተር እንዲያስተምሩ ያዘጋጁ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አቃቂ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ያለማምዷቸዋል። ከኋላ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «አልገባኝም ልጄ፣ ድገመው» ይላሉ። ሳይገባቸው እሺ ብለው አያልፉም። የተማሪን ጊዜ ማባከን ኃጢአት ነው ይሉ ነበር፤ እኔም ያለ አስተማሪ በራሴ ጥረት የተማርኩ ሰው ነኝና አምንበታለሁ።

አጎቴ ሞተው አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ እሳቸው ካለማመዷቸው አንዷ የሆነችው ልጄ እዚያው ሳሎን ልትለማመድ ገባች። ሰኞ የመጀመሪያ ክፍሏን ታስተምራለች፤ ያለ እሳቸው ተማሪ ፊት መቆም ፈርታለች። እኔ በር ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሱን መልሶ እንዴት እንደሚጠራ ስታስረዳ ድንገት አቆመች። ባዶውን ወንበር እያየች «እሺ ጋሼ፣ ልድገመው» አለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«አባዬ ደግሞ! አልሰማህም እንዴ?»

ሙት ይናገራል የሚለውን ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ሳልገሥጻት በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ስትመለስ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው አስተማርኩ። ጋሼ ግን ምንም አላሉኝም» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።