ከሊሾው ሥር የሚወጣ ትነት

እህቴ ደብረ ታቦር ላይ ተከራይታ የወለደችበት ቤት አዲስ ነበር፤ ሊሾው ፊት ያሳያል። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ እንደነበረ ሰምተናል። ጋራዡ ፈርሷል፣ ታዲያ ምን አለበት ብለን ነው ዕቃውን ያስገባነው።

እናታችን ልታርሳት ከጉና ተራራ ሥር መጣች። ነጠላዋን ሳታስቀምጥ የመኝታ ቤቱን መስኮት ክፍተት በጨርቅ ትጠቀጥቅ ጀመር። ብርዱም ብርድ ነው፣ ምችም አለ፤ አራስና ጨቅላ ንፋስ አይነካቸውም። በዚህ እኔም አልተከራከርኋትም፤ እኔንም እንዲሁ አድርጋ ነው ያረሰችኝ።

ክፍሉ ግን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ፤ የእህቴ ባል ባጃጅ ነጂ ነዋ! ልብስህን ውጭ አውልቅ ተባለ፣ አወለቀ። ታጠብ ተባለ፣ በዚያ ውርጭ ታጠበ። በመጨረሻ እናቴ ልጅቱን በጠረንህ ልትጨርስብን ነው ብላ ጓደኛው ዘንድ እንዲያድር አደረገችው። እኔ አፌ አያርፍ፣ አማት ይሉሃል ይህች ናት እያልሁ እቀልድበት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም፤ ልጁ ናፍቃዋለች።

እሱ ከወጣም በኋላ እህቴ ራሴን ራሴን ማለቱን አልተወችም። ሕፃኗ ጡት ትይዝና ትተዋለች፣ ሰውነቷ ይዝላል። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብል እናቴ ወይ ፍንክች! ክርስትና ሳትነሳ ከደጅ አትወጣም አለች። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩ። ደሜ ፈላ፤ ተጯጯኽን። በነጋታው ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ እየሮጥሁ ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፣ አልሆነም። ትንፋሿ ደክሟል፣ በምን እንደሆነ አናውቅም አሉኝ። ስም እንኳ አልወጣላትም። በዚያው ጋቢ ይዣት ተመለስሁ፤ እህቴ ደጃፉ ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ያ እጅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከለቅሶው በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውየው ከወጣ ሰንብቷል፣ አንድ ልብሱም እዚያ የለም፤ ቤቱ ግን ይሸታል። ጠዋት የመኝታ ቤቱን በር ስከፍት ያጥወለውለኛል። ደጅ ጠንቼ አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ አመጣሁ። ሊሾውን በቀጭኑ በድሪል በሳና ቱቦ ሰድዶ የትነት መለኪያ መሣሪያውን ገጠመበት፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ሮጠ። ቆሞ ሲያይ የነበረው አከራይ ያን ጊዜ ነው ከሥር የጋራዡ የቤንዚን ታንክ እንደተቀበረ የተናገረው። ባለሙያው ታንኩ ማፍሰሱን፣ ትነቱም በወለሉ ስንጥቅ እየሾለከ መግባቱን ነገረን። እናንተ ዛሬውኑ ልቀቁ አለን። አከራዩን ደግሞ ታንኩን አውጣ፣ ስንጥቁን ድፈን፣ ከሊሾው ሥር ቧንቧ ቅበርና ትነቱን በማራገቢያ እየሳብህ ከጣሪያው በላይ አስወጣው አለው። የእህቴ ባል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እናቴ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ባለሙያው የክፍሉንም አየር ልለካ ብሎ መሣሪያውን ሕፃኗ ትተኛበት የነበረው አልጋ ላይ አስቀመጠው፤ ቁጥሩ እዚህም ከፍ አለ። እህቴ ገና አራስ ናትና መስኮቱ እንደተደፈነ ነው።

«ልጄ» አለችው እናቴ፣ «መስኮቱን የደፈንሁት እኔ ነኝ። ባልደፍነው ትተርፍ ነበር?»

ባለሙያው ወደ እሷ ዞረ።

«እናቴ፣ ይህ ነገር የሚመጣው ከታች ነው። እርስዎ መስኮቱን ባይደፍኑትም ይመጣ ነበር።»

በልቤ መረቅሁት። እናቴ እፎይ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ጨርቁን ከመስኮቱ እየነቀለች ጣለችና ሁለቱንም መዝጊያ በረገደችው። የጉና ንፋስ ገባ። አልጋው ላይ ያለው ቁጥር መውረድ ጀመረ፤ ወረደ፣ ወረደ። እህቴ አፍጥጣ ታየዋለች። እናቴ ቁጥር ማንበብ አትችልም። የምታየው የእህቴን ፊት ነበር።